የቆየ ፒክአፕ የኋላ ፓራውልት፦ ከሚያብረቀርቀው ብረት ጀርባ ያለው ሥራ

ፒክአፕ ከፊት ሰው የሚቀመጥበት ካቢና፣ ከኋላ ደግሞ ክፍት የጭነት ሳጥን ያለው መኪና ሲሆን፣ ዕድሜው ከገፋ በኋላ ቶሎ ከሚለወጡት አካላቱ አንዱ የኋላው ፓራውልት ነው። ፓራውልት በመኪናው የፊትና የኋላ ጫፍ ተጋድሞ የሚታሰርና ግጭትን በመጀመሪያ የሚቀበል አካል ነው፤ ስሙ ከጣሊያንኛ ወደ ኢትዮጵያ ጋራዦች የገባ ሲሆን በእስራኤል በዕብራይስጥ ፓጎሽ ይባላል፣ ፒክአፑም ራሱ ተንደር በሚል ስም ይታወቃል። በፒክአፕ ላይ የኋላው ፓራውልት ከፊተኛው ይልቅ ይጎሳቆላል፤ ሾፌሩ ወደ ኋላ ሲመለስ አጥርቶ የማያየው ጫፍ እርሱ ነው፣ ጫኝና አውራጅ ወደ ሳጥኑ የሚወጣውም እርሱን ረግጦ ነው፣ አንዳንድ ጊዜም ተጎታች የሚታሰረው በእርሱ ላይ ነው።

በዕብራይስጥ ፊደላት ከተሰየሙት የእስራኤሏ ቤር ሼቫ ሰፈሮች አንዱ በሆነው በሽኩና ሄም ሆነ በአዲስ አበባ፣ አሮጌ ፒክአፕ ያለው ሰው ፓራውልት ለመለወጥ ሲነሣ በቅድሚያ የሚማርከው የብረቱ ማብረቅረቅና ግዝፈቱ ነው። ይሁን እንጂ የፓራውልት ጥራት የሚለካው በፊቱ ሳይሆን ከጀርባው ባለው ነገር ነው፤ ይኸውም ከሻንሲው ጋር በሚያገናኘው ክንድ፣ በቡሎኑ የጥንካሬ ደረጃ፣ በመግጠሚያው ልክና በሥራው ቅደም ተከተል ነው። ሻንሲ የሚባለው ሞተሩን፣ ካቢናውንና የጭነት ሳጥኑን የሚሸከመው የመኪናው የብረት መሠረት ሲሆን፣ በአብዛኞቹ ፒክአፖች ሁለት ረጃጅም ብረቶች በአግዳሚዎች ተያይዘው የሚሠሩት ነው። ፓራውልቱ የሚቀበለው ኃይል ሁሉ መጨረሻው ወደዚህ መሠረት ስለሆነ፣ በመካከል ያለው ማያያዣ ከደከመ የላይኛው ብረት ቢወፍር ጥቅም የለውም።

ፓራውልት አማራጭ የነበረበት ዘመን

ዛሬ ያለ ኋላ ፓራውልት የሚሸጥ መኪና ማሰብ ያስቸግራል፤ ሆኖም በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ብዙ የአሜሪካ ፒክአፖች ከፋብሪካ ሲወጡ የኋላ ፓራውልት አልነበራቸውም፣ ገዢው ከፈለገ ተጨማሪ ከፍሎ የሚያስገጥመው ዕቃ ነበር። ፒክአፕ በዋናነት የገበሬና የባለሙያ የሥራ መሣሪያ ተደርጎ ይቆጠር ስለነበር ለጌጥ የሚወጣ ወጪ እንደ ትርፍ ይታይ ነበር። በዚህ የተነሣ በርካታ ባለቤቶች ከመኪና ሻጩ ወይም ከሌላ አምራች የገዙትን ፓራውልት በኋላ አስገጠሙ፤ ከእነዚህም መካከል በስፋት የታወቀው ለእግር መርገጫ እንዲሆን መሐሉ ዝቅ ተደርጎ የሚሠራውና ለተጎታች መንጠቆ ቀዳዳ ያለው ባለ መርገጫ ፓራውልት ነው።

ይህ ታሪክ ዛሬ የቆየ መኪና ለሚያድሱ ሰዎች ተግባራዊ ትርጉም አለው። በአንድ አሮጌ ፒክአፕ ላይ የሚገኘው ፓራውልት መኪናው ከፋብሪካ ይዞት የወጣው ሊሆን ይችላል፣ ከዓመታት በኋላ የተጨመረም ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ያንኑ አይነት ፈልጎ መተካት ሁልጊዜ መኪናውን ወደ መጀመሪያ መልኩ መመለስ ማለት አይደለም። ከዚህም በላይ በአንድ ዓመት የተመረቱ ሁለት ፒክአፖች የጭነት ሳጥናቸው ቅርጽ ከተለያየ ፓራውልታቸውና ማያያዣቸው ሊለያይ ይችላል። ፎርድ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1957፣ ሼቭሮሌት ደግሞ በ1958 ጎኑ እስከ ካቢናው ስፋት የተለጠጠና ለስላሳ የሆነ ሳጥን ማቅረብ ሲጀምሩ፣ የጎማ መሸፈኛው ወደ ውጭ ወጥቶ የሚታየውን ጠባቡን ሳጥንም ጎን ለጎን መሸጣቸውን ቀጥለው ነበር። ለጠባቡ ሳጥን የተሠራ ፓራውልት በሰፊው ሳጥን ሥር ሲገጠም ጫፎቹ አጥረው ይቀራሉ፣ ለሰፊው የተሠራውም በጠባቡ ላይ ወጥቶ ይንጠለጠላል።

የመንግሥት ደንብም ለመኪናና ለፒክአፕ እኩል አልነበረም። በአሜሪካ ከ1973 ሞዴል ጀምሮ የቤት አውቶሞቢሎች የፊት ፓራውልት በሰዓት 5 ማይል፣ የኋላው ደግሞ በሰዓት 2.5 ማይል ፍጥነት የሚደርስ ግጭትን የመብራትና የመሰል መሣሪያዎች ጉዳት ሳይኖር እንዲቋቋም የሚያስገድድ ደረጃ ሲወጣ፣ ፒክአፖች ከዚህ ግዴታ ውጭ ነበሩ። በዚህ ምክንያት የብዙ አሮጌ ፒክአፖች ፓራውልት ድንጋጤን የሚያለዝብ ምንም መሣሪያ የሌለው፣ በቀጥታ ከሻንሲ ጋር የታሰረ ግትር ብረት ነው።

በእስራኤልና በኢትዮጵያ መንገዶች የቆዩት ተንደሮች

በእስራኤል የቆዩ ተንደሮች ታሪክ ከአገሪቱ የኢንዱስትሪና የዲፕሎማሲ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። በይስሐቅ ሹቢንስኪ የተመሠረተው የሃይፋው ኦቶካርስ ኩባንያ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሱሲታ የተባለውን መኪና ሲያመርት፣ ከሞዴሎቹ መካከል ተንደርም ነበር። የሱሲታ አካል የተሠራው ከብረት ላሜራ ሳይሆን ከፋይበር ግላስ ነው፤ ይህም በቀጭን የመስታወት ክር የተጠናከረ ፕላስቲክ ማለት ነው። ፋይበር ግላስ አይዝግም፣ ሆኖም ጥቂት ቦታ ላይ የተጠራቀመ ኃይል ሲያገኘው ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ በእንዲህ ዓይነት መኪና ላይ ፓራውልት ሲለወጥ ክብደቱ በሥሩ ባለው የብረት ሻንሲ ላይ ማረፍ አለበት እንጂ በአካሉ ላይ ሊንጠለጠል አይገባም።

ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ሱባሩ ወደ እስራኤል ገባ፤ አብዛኞቹ የጃፓን አምራቾች የዓረብ አገሮችን የንግድ ማዕቀብ በመፍራት ሳይመጡ በቆዩባቸው ዓመታት ሱባሩ ገበያውን ይዞ ስለቆየ፣ ትንሹ የሱባሩ ተንደር በየከተማው የተለመደ መኪና ሆነ። የሱባሩ ተንደር አካሉና መሠረቱ አንድ ላይ የተበየደ እንጂ ለብቻው የቆመ ሻንሲ የሌለው በመሆኑ፣ የፓራውልቱ ማያያዣ የሚያርፈው በአካሉ ውስጥ በተጠናከሩ የላሜራ ሳጥኖች ላይ ነው። እነዚህ ሳጥኖች ከውስጥ ሲዝጉ ከውጭ ስለማይታይ፣ አዲስ ፓራውልት ከመግዛት በፊት ላሜራውን በመዶሻ እጀታ ቀስ ብሎ እየመቱ ድምፁን ማዳመጥ፣ የለሰለሰውን ቦታም መለየት ያስፈልጋል።

በኢትዮጵያ የሥራ ፒክአፕ ሲነሣ በቅድሚያ የሚጠቀሰው ቶዮታ ነው። ሃይሉክስ ለመጀመሪያ ጊዜ በ1968 ለገበያ የቀረበ ሲሆን፣ የላንድክሩዘር 70 ተከታታይ ደግሞ በ1984 ወጥቶ ፒክአፑ በገጠር መንገድ፣ በእርዳታ ድርጅቶችና በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ግቢ የሚታወቅ ሆነ። ከእነርሱ ቀደም ብለው የፔዦ 404 መኪኖች በምሥራቅ አፍሪካ ስማቸው ገንኖ ነበር፤ ይህ መኪና የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ውድድርን በ1963፣ ከዚያም ከ1966 እስከ 1968 በተከታታይ አሸንፏል፣ ፒክአፑም በአፍሪካም ሆነ በእስራኤል ለዓመታት ሸክም ሲሸከም ኖሯል።

በሁለቱም አገሮች አሮጌ መኪና ተንከባክቦ ማቆየት ከፍቅር ባሻገር የኢኮኖሚ ምክንያት አለው። በእስራኤል በግል መኪና ላይ የሚጣለው የግዢ ታክስ መደበኛ ምጣኔ 83 በመቶ ሆኖ ቆይቷል፤ ኢትዮጵያም በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክላለች። በአዲስ አበባ መርካቶ ሶማሌ ተራ ያገለገለ መለዋወጫ በመሸጥ የታወቀ ሲሆን፣ በቤር ሼቫ ደግሞ ኤሜቅ ሳራ የተባለው የኢንዱስትሪ አካባቢ ጋራዦች የሚገኙበት ነው። ያገለገለ ፓራውልት የትም ቢገዛ ገዢው ደረሰኝ መቀበልና ዕቃው ከየትኛው ሞዴልና ዓመት መኪና እንደተፈታ ማወቅ አለበት፤ ይህ መረጃ ከሌለ ልኩን ማረጋገጥም ሆነ የዕቃውን ሕጋዊነት ማወቅ አይቻልም።

የአየሩ ጠባይ የሚያመጣው ልዩነት

ቤር ሼቫ በዓመት 200 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ የምታገኝ ደረቅ ከተማ ስትሆን፣ አዲስ አበባ በክረምቱ ብርታት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ታገኛለች። ዝገት ብረት ከእርጥበትና ከኦክስጅን ጋር ሲገናኝ የሚፈጠር ነው፣ ጨው ሲጨመርበትም ይፈጥናል፤ ስለዚህ ቤር ሼቫ ባለችበት በኔጌቭ በረሃ የኖረ ተንደር ብዙውን ጊዜ በባሕር ዳር ከተሞች ከኖረው ይልቅ ንጹሕ ሻንሲ ይኖረዋል። ይህ ማለት ግን ከዝገት ነጻ ነው ማለት አይደለም። የኔጌቭ ደቃቅ አፈር በፓራውልቱ ክንድና በሻንሲው መካከል ባለው ክፍተት ይከማቻል፣ የሌሊቱን ጤዛም ይዞ ስለሚቆይ ብረቱ ከማይታየው ጎኑ ይበላል። ብርቱው ፀሐይ ደግሞ ጎማውንና ፕላስቲኩን ያደርቃል፤ የታርጋ መብራት ሽቦ ሽፋኑ ተሰነጣጥቆ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

በኢትዮጵያ ደጋ የኖረ ፒክአፕ ችግሩ ጭቃ ነው። ከኋላ ጎማ የሚረጨው ጭቃ በፓራውልቱ ጀርባ ተለጥፎ ክረምቱን ሙሉ እርጥብ ሆኖ ይቆያል። እንዲህ ዓይነቱ ፓራውልት ፊቱ ደህና መስሎ ጀርባው ሳስቶ ሊገኝ ስለሚችል፣ የሚገዛ ሰው አገላብጦ ማየት ይኖርበታል።

አሮጌውን መፍታት

ሥራው የሚጀምረው መኪናውን ደልዳላ መሬት ላይ አቁሞ፣ የእጅ ፍሬኑን ይዞ፣ ለጎማዎቹ መከልከያ አድርጎና የባትሪውን አሉታዊ ገመድ ፈትቶ ነው። የዛገ ቡሎን ወዲያው በኃይል ቢታገሉት ይቆረጣል፤ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ረጭቶ ማሳደርና በማግስቱ እየረጩ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ቀስ ብሎ ማላላት ይሻላል። ቡሎኑን በእሳት ማጋል በጋራዦች የተለመደ ዘዴ ቢሆንም፣ በብዙ ፒክአፖች የነዳጅ ጋኑና የፍሬን መስመሩ በኋላ በኩል ስለሚገኙ በዚያ ሥፍራ ነበልባል ማቅረብ ሕይወት የሚያስከፍል ስሕተት ነው።

ከባድ የብረት ፓራውልት የመጨረሻው ቡሎን ሲወጣ በድንገት ይወድቃል፤ በመሆኑም በሁለት ሰው መያዝ ወይም ከሥሩ ክሪክና እንጨት ማድረግ ያስፈልጋል። የታርጋው መብራት ሽቦ አስቀድሞ መለያየት አለበት፤ እያንዳንዱ ቡሎን፣ ዳዶና ሮንዴላ የወጣበትን ቦታ በሚያመለክት ሁኔታ ለየብቻ መቀመጥ አለበት፤ ማያያዣ ክንዶቹም ከመነሣታቸው በፊት ቦታቸው በጠመኔ ምልክት ሊደረግበትና ፎቶ ሊነሣ ይገባል። ክንዱ ሲወጣ የሻንሲው ጫፍ ይገለጣል፤ ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ ተጠርጎ ስንጥቅ መኖር አለመኖሩ የሚታየው ያን ጊዜ ነው። ስንጥቅ ከተገኘ አዲሱን ፓራውልት ከመግጠም በፊት ሻንሲው መጠገን አለበት።

የቡሎኑ ምሥጢር

በዚህ ሥራ ከሁሉ ይልቅ የሚናቀውና ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ቡሎን ነው። በሜትር ልኬት በሚሠሩ ቡሎኖች ራስ ላይ እንደ 4.6 ወይም 8.8 ያሉ ቁጥሮች ይገኛሉ። የመጀመሪያው ቁጥር በ100 ሲባዛ ቡሎኑ ከመበጠሱ በፊት የሚቋቋመውን ጭነት በሜጋፓስካል ይሰጣል፤ ሁለተኛው ደግሞ ቡሎኑ ተለጥጦ ወደ ቀድሞ ርዝመቱ መመለስ የሚያቅተው በዚያ ጭነት ስንት አሥረኛ ላይ እንደሆነ ያመለክታል። ስለዚህ 8.8 የሚል ቡሎን 800 ሜጋፓስካል ድረስ የሚቋቋም ሲሆን 640 ላይ ላይመለስ መለጠጥ ይጀምራል፤ 4.6 የሚለው ግን 400 እና 240 ብቻ ነው። ለፓራውልት ክንድ ከ8.8 ያነሰ ቡሎን ማሰር ተገቢ አይደለም። በአሜሪካ መኪኖች ላይ ደረጃው የሚታወቀው በቡሎኑ ራስ ላይ በተቀረጹ መስመሮች ነው፤ ሦስት መስመር ደረጃ 5ን፣ ስድስት መስመር ደግሞ ደረጃ 8ን ያሳያል።

ጥርሱም እንደ ደረጃው አስፈላጊ ነው። የቆዩ የአሜሪካ ፒክአፖች ቡሎኖች በኢንች፣ የጃፓኖቹ በሚሊ ሜትር የተለኩ ናቸው። የ8 ሚሊ ሜትር ቡሎን ከ5/16 ኢንች ቡሎን ጋር በውፍረት ሲተያይ ልዩነቱ በዓይን አይታወቅም፣ የጥርሳቸው ርቀት ግን አይገጥምም። በጃፓን መኪኖችም መካከል ወጥመድ አለ፤ ባለ 10 ሚሊ ሜትር ቡሎናቸው አብዛኛውን ጊዜ የጥርስ ርቀቱ 1.25 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በሃርድዌር ሱቅ የሚገኘው ተራ ቡሎን 1.5 ነው። አንዱን በሌላው ዳዶ ውስጥ አስገድዶ ማስገባት ጥርሱን ይበላዋል፤ ቡሎኑ የጠበቀ ቢመስልም ሸክም ሲመጣበት ይሾልካል።

አዲሱን መግጠም

የፒክአፕ ካቢና፣ የጭነት ሳጥንና ሻንሲ በጎርበጥባጣ መንገድ ላይ እያንዳንዳቸው በመጠኑ ለየብቻ ይንቀሳቀሳሉ። ፓራውልቱ ከሻንሲው ጋር የታሰረ በመሆኑ በእርሱና በሳጥኑ መካከል ቢያንስ ጣት የሚያስገባ ክፍተት መኖር አለበት፤ ክፍተቱ ከጠበበ ሳጥኑ ሲወዛወዝ ቀለሙን ይልጣል፣ ላሜራውንም ያጣምማል። የሳጥኑ የኋላ በር ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ሲወርድ ፓራውልቱን እንዳይነካ ቡሎኖቹ ከመጥበቃቸው በፊት በተግባር መሞከር አለበት። ትርፍ ጎማው ከሳጥኑ ሥር በሚንጠለጠልባቸው ፒክአፖች ማውረጃው ዘንግ ብዙውን ጊዜ በፓራውልቱ ቀዳዳ በኩል ስለሚያልፍ፣ ቀዳዳ የሌለው ምትክ የገጠመ ሰው ጎማው በፈነዳበት ቀን ትርፉን ማውጣት አይችልም።

አዲስ ቀዳዳ መብሳት ካስፈለገ ቦታው መመረጥ አለበት። የሻንሲው ብረት ሲቆረጥ የሚታየው ቅርጽ አንድ የቆመ ግድግዳና ከላይና ከታች ሁለት ከንፈሮች ያሉት ነው። መኪናው ሲጫን ብረቱን የሚያጎብጠው ውጥረት ከፍተኛ የሚሆነው በከንፈሮቹ ላይ ስለሆነ ቀዳዳ የሚበሳው በግድግዳው መሐል እንጂ በከንፈሮቹ ላይ አይደለም። ብየዳም እንዲሁ በጥንቃቄ የሚሠራ ነው፤ ዚንክ የተቀባ ብረት ሲበየድ የሚወጣው ጢስ ትኩሳት የሚያስይዝ መርዝ ስላለው፣ ዚንኩ አስቀድሞ መፋቅና ሥራው አየር በሚዘዋወርበት ቦታ መሠራት አለበት።

ቡሎኖቹ በመጀመሪያ በእጅ ብቻ ይያዛሉ፤ ፓራውልቱ ከሳጥኑ ጋር ትይዩ መሆኑ በሜትር በሁለቱም ጫፍ ከተለካ በኋላ ተራ በተራ ይጠብቃሉ፣ ጥቂት ቀናት ከተነዳም በኋላ ድጋሚ ይፈተሻሉ። የፓራውልቱ ቁመትም ይታሰብበታል፤ በጣም ዝቅ ብሎ ወደ ኋላ የወጣ ብረት መኪናው ከወንዝ ዳር ሲወጣ መሬት ይነካል፣ ጠርዙ የተሳለ ወይም ቧንቧው ሳይደፈን የቀረ ፓራውልት ደግሞ በሰፈር መንገድ ለሚጫወቱ ሕፃናት አደጋ ነው። በቤት የተሠራ እጅግ ወፍራም ብረት ራሱ ባይጎዳም የግጭቱን ኃይል ሳያለዝብ ወደ ሻንሲውና ወደ ሌላው መኪና ያስተላልፋል፤ ስለዚህ መወፈር ብቻውን ደኅንነት አይሆንም።

ክሮም፣ ቀለምና ታሪካዊ መልክ

የሚያብረቀርቅ ፓራውልት በአንድ ሽፋን የተሠራ አይደለም። በብረቱ ላይ ብዙ ጊዜ መዳብ፣ ከዚያ ኒኬል፣ በመጨረሻም ክሮም ይለበጣል። ከላይ የሚታየው ክሮም ውፍረቱ ከ1 ማይክሮን፣ ማለትም ከሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ፣ ያነሰ ነው፤ ብረቱን ከዝገት በዋናነት የሚጠብቀው ከሥሩ ያለው ኒኬል ነው። በዚህ ምክንያት የዛገን ክሮም አጥብቆ መፈግፈግ ሽፋኑን ያጠፋዋል። በክሮም ልበጣ የሚሠራበት ባለ ስድስት ቫለንስ ክሮሚየም ካንሰር የሚያመጣ ንጥረ ነገር ስለሆነ ሥራው በቤት የሚሞከር አይደለም። ገንዘቡ ለማይበቃ ሰው ዝገቱን ጠርጎ፣ አንቲረስት ቀብቶ፣ ከፊትም ከጀርባም በጥሩ ቀለም መሸፈን የሚያሳፍር አይደለም፤ ብዙ የሥራ ፒክአፖች ከፋብሪካ የወጡት በቀለም በተቀባ ፓራውልት ነው።

በእስራኤል አንድ ተሽከርካሪ እንደ ታሪካዊ ስብስብ ለመመዝገብ ከተመረተ ቢያንስ 30 ዓመት ሊሞላው ይገባል፤ በ1966 የተቋቋመውና ፊቫ በሚል ምህጻረ ቃል የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የቆዩ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽንም በዚሁ ዕድሜ ላይ መኪናው ታሪካዊ መልኩን ጠብቆ መቆየቱን ይጨምራል። የፌዴሬሽኑ የቱሪን ቻርተር ያለውን መጠበቅ ከመተካት እንዲቀድም ይመክራል። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው፤ የተጣመመ ነገር ግን ጤናማ የሆነ አሮጌ ፓራውልት ሊቀና ከቻለ ማቅናት ይቀድማል፣ መለወጥ ግድ ከሆነም አሮጌው አይጣልም፣ ተጠቅልሎ ይቀመጣል።

ተጎታች ለማሰር የሚያስብ ባለቤት ደግሞ የመንጠቆው ኳስ በፓራውልቱ ላሜራ ላይ ሳይሆን ከሻንሲው ጋር በቀጥታ በተያያዘ ድጋፍ ላይ እንዲቀመጥ ማድረግ አለበት። የኳሱ ልክም ከተጎታቹ ጋር መጣጣም አለበት፤ በአውሮፓና በእስራኤል የተለመደው 50 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በአሮጌ የአሜሪካ ፓራውልቶች ላይ ከዚህ የሚያንስ ኳስ ሊገኝ ይችላል፤ በትንሽ ኳስ ላይ የተቀመጠ ተጎታች ደግሞ በጉብታ ላይ ዘልሎ ይለቀቃል።

ስለዚህ የቆየ ተንደር ያላችሁ አንባቢያን ፓራውልት ከመግዛታችሁ በፊት መኪናችሁ ሥር ገብታችሁ የሻንሲውን ጫፍ ተመልከቱ፣ የማያያዣውን ልክ ለኩ፣ የቡሎኑን ቁጥር አንብቡ። ማንኛውንም ለውጥ ከዓመታዊው ቴስት በፊት ለመርማሪው አሳዩ፣ ኢንሹራንሳችሁንም አሳውቁ። ብረቱን የሚያብረቀርቅ ባለሙያ ብዙ ነው፤ እናንተ ግን ክፍያችሁን መጀመሪያ ማያያዣውን አስተካክሎ ለሚያስር ባለሙያ ስጡ።